ለአካል ጉዳተኞች ስለሚሰጠው የመኪና ማቆሚያ ፈቃድ

ለአካል ጉዳተኞች የተለየ የመኪና ማቆሚያ እንደ ክብር መቀመጫ የሚቈጠር አይደለም። ለምሳሌ በአሜሪካ የካሊፎርንያን ክፍለ ግዛት ብንመለከት፤ ከማቆሚያው ጎን በሰያፍ መስመር የተቀባ ባዶ ቦታ እናያለን። መስመሩ ለጌጥ አልተቀባም፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው መወጣጫውን ዘርግቶ ከመኪናው የሚወርድበትና የሚገባበት ነው። ስለዚህ አንድ ጤነኛ ሰው «ለአምስት ደቂቃ ብቻ ነው» ብሎ በመስመሩ ላይ ቢያቆም፤ ባለ ወንበሩ ገበያውን ጨርሶ ሲመለስ ወደ ገዛ መኪናው መግባት ይሳነዋል።

በዚያ አገር ፈቃዱ ከስፖኪዮ ላይ የሚንጠለጠል ካርድ ነው፤ የሚሰጠውም በሐኪም ምስክርነት ለሰውየው እንጂ ለመኪናው አይደለም። ልጅ እናቱን ሐኪም ቤት ሲያደርስ በእናቱ ካርድ ቢጠቀም ሕጉ ይፈቅድለታል፤ እናቱን ከቤት ትቶ ለራሱ ጉዳይ ሲሄድ ግን ይከለክለዋል። በደሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ይመስለናል። ላታልል ብሎ የሚነሣ ጥቂት ነው፤ ካርዱ ከመኪናው ውስጥ ስለ ቀረ ብቻ እጅ ይለምዳል። እናቲቱም ካረፉ በኋላ፤ ለመንግሥት መመለስ የሚገባው ካርድ በዚያው ተንጠልጥሎ ይኖራል።

እ.ኤ.አ. በ2017 የክፍለ ግዛቱ ኦዲተር መዝገቡን በመረመረ ጊዜ፤ ዕድሜያቸው 100 ዓመትና ከዚያም በላይ የሆነ ወደ 26 ሺህ የሚጠጉ ባለ ካርዶች ተገኙ። በዚያ ዕድሜ ይኖራሉ ተብለው የተገመቱት ነዋሪዎች ግን 8 ሺህ ያህል ብቻ ነበሩ። ሙታን መኪና ያቆሙ ነበር ማለት ነው! በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ቋሚ ካርድ ያለው ሰው በየ6 ዓመቱ እንደገና እንዲያመለክት አዘዘ። ያለ አግባብ የተጠቀመም ሰው ከ250 እስከ 1,000 ዶላር ይቀጣል።

ይሁን እንጂ ከቅጣቱ ይልቅ የነገሩን ሥር መመልከት ይሻላል። በካሊፎርንያ ባለ ካርዱ በመንገድ ዳር ሲያቆም ገንዘብ አይከፍልም፤ የሰዓት ገደብም የለበትም። እንግዲህ ካርዱ ቅርብ ቦታን ብቻ ሳይሆን ገንዘብንም ስለሚያተርፍ፤ የሚመኘው ሰው በዛ። የሚቺጋን ክፍለ ግዛት ግን እ.ኤ.አ. በ1995 ሁለቱን ለየ፤ ያለ ክፍያ ማቆም የተፈቀደው ጉዳቱ ከመክፈያው መሣሪያ ሳንቲም እንዳያስገባ ለሚያግደው ሰው ብቻ ሆነ። ከ500 ሺህ ያህል ባለ ካርዶች ይህን ልዩ ፈቃድ የጠየቁት 10 ሺህ ያህል ብቻ ነበሩ፤ ቅርቡ ቦታ ግን ለሁሉም እንደ ነበረ ቀረላቸው። ድኻ የሆነ አካል ጉዳተኛ በዚህ ይጎዳል የሚሉ አሉ፤ አሳባቸው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ድኽነቱን በሌላ ርዳታ ማቃለል ይቻላል፤ ቦታውን ጤነኛ ከያዘበት ግን ምንም የሚተካለት የለም።

በእግሩ ቀጥ ብሎ ከመኪናው የወረደውንም ሁሉ አታላይ ማለት አይገባም። የልብና የሳምባ ሕመም በዓይን አይታይም፤ ሕጉም ለእነዚህ ሕሙማን ፈቃድ ይሰጣል። በካሊፎርንያ ከካርዱ ጋር የምስክር ወረቀት አብሮ ስለሚሰጥ፤ ጥርጣሬ ሲነሣ ወረቀቱን አሳየኝ ብሎ የሚጠይቀው መንገደኛው ሳይሆን ፖሊሱ ነው።