«አሮጌ» ወይስ «ጥንታዊ»?

ውድ አንባብያን፣ ተማሪዎችና መምህራን፣ እንዴት ሰነበታችሁ? የዛሬው የቋንቋ አምዳችን ብዙ ጊዜ ለሚቆዩ ነገሮች ስለምንጠቀምባቸው ቃላት ነው። እንዲያውም ሰላምታችን ውስጥ አንዱ አለ። «እንዴት ሰነበታችሁ?» ስንል እኮ ጊዜ እየቆጠርን ነው!

ሀ. ጊዜ የሚቆጥሩ ቃላት

«ዋለ» ለቀን፣ «አደረ» ለሌሊት ነው። «ሰነበተ» ሰንበት ከሚለው ቃል ጋር ይዛመዳል፤ ለተወሰኑ ቀናት መቆየትን ያሳያል። «ባጀ» በጋን ማሳለፍ ነው፤ «ከረመ» ደግሞ ክረምትን። ለዚህ ነው መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት «እንዴት ከረምክ? እንዴት ከረምሽ?» የምንባባለው። «ያደረ እንጀራ» ካላችሁ ይበላል፤ ለፍርፍርም ይሆናል። «የከረመ እንጀራ አለ» የሚላችሁ ሰው ካለ ግን እንዳትነኩት! እህል ሲሆን ግን ቢከርምም ችግር የለውም። ስለዚህ ቃሉን ከነገሩ ጋር ማዛመድ ያስፈልጋል።

ለ. «ይቆያል» እና «ይበረክታል»

ገበያ ስንሄድ ስለ ጫማ «ይቆያል ወይ?» ብለን እንጠይቃለን። ስለ ሳሙና ወይም ስለ ዘይት ሲሆን ግን እናቶቻችን «ይበረክታል ወይ?» ነው የሚሉት። ልዩነቱ ምንድን ነው? ጫማ ያረጃል እንጂ በየቀኑ እየተቀነሰ አያልቅም። ሳሙና ግን በታጠብንበት ቁጥር ይቀንሳል። እየተቀነሰም ቶሎ የማያልቅ ነገር «ይበረክታል» ይባላል። ቃሉ «በረከት» ከሚለው ጋር ዘመድ ነው።

ሐ. ክብር የሚሰጡና ክብር የሚነሡ ቃላት

«አሮጌ»፣ «ነባር»፣ «አንጋፋ»፣ «ዕድሜ ጠገብ» እና «ጥንታዊ» ሁሉም ስለቆየ ነገር ይናገራሉ። አንድ ዓይነት ግን አይደሉም።

«አሮጌ» አገልግሎቱን ለጨረሰ ነገር ነው፤ አሮጌ ጫማ፣ አሮጌ ደብተር እንላለን። «ነባር» አስቀድሞ የነበረ ማለት ነው። አዲስ ገቢ ተማሪ አለ፣ ነባር ተማሪ አለ። «አንጋፋ» በሥራው ለቆየና ለተከበረ ነው። ብዙ ዓመት ያስተማሩንን መምህር «አንጋፋ መምህር» እንላቸዋለን፤ «አሮጌ መምህር» ማለት ግን ነውር ነው። «ዕድሜ ጠገብ» ለትልቅ ዛፍ ወይም ለቆየ ቤት ያምራል። «ጥንታዊ» በጣም ሩቅ ከሆነ ዘመን ለመጣ ነገር ነው።

ይሄ የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዓድዋ አቅራቢያ ባለው የአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት የብራና ወንጌሎች ከ1,300 ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ሰው እንኳ «ይሄ አሮጌ ቆዳ ነው» ብሎ እሳት ውስጥ ቢጥላቸው ኖሮ ዛሬ አይኖሩም ነበር። የጠበቋቸው ሰዎች «ቅርስ ነው» ስላሉ ቆዩ። «አሮጌ» ያልነውን እንጥላለን፤ «ጥንታዊ» ያልነውን ግን እንጠብቃለን።

መ. «ዘላቂ» እና «ዘላለማዊ»

«ዘላቂ» ለረጅም ጊዜ የሚጠቅም ነው፤ ዘላቂ ሰላም፣ ዘላቂ መፍትሔ እንላለን። ፌስታል መሬት ውስጥ ለብዙ ዘመን ሳይበሰብስ ይቆያል። ታዲያ «ዘላቂ» እንበለው? አይሆንም! መቆየቱ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። «የማይበሰብስ» ብንለው ይሻላል።

«ዘላለማዊ» ደግሞ መጨረሻ የሌለው ማለት ነው። ስለዚህ በቀላሉ አይነገርም። ከአክሱም ሐውልቶች ትልቁ 33 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ግን ወድቆና ተሰባብሮ መሬት ላይ ተጋድሟል። ድንጋይ እንኳ ጥንታዊ ይሆናል እንጂ ዘላለማዊ አይሆንም። ጎንደር ያለው የፋሲል ግንብም ከ350 ዓመት በላይ የቆየው ሰው ስለጠገነውና ስለጠበቀው ነው።

ስለዚህ ቤታችሁ ውስጥ የአያታችሁ መሶብ፣ አገልግል ወይም የብራና መጽሐፍ ካለ «አሮጌ ነው» ከማለታችሁ በፊት አያታችሁን «ይሄ ስንት ዘመን ቆየ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከመልሱ በኋላ ቃሉን ምረጡ።

መልመጃ፦ በትክክለኛው ቃል ሙሉ
1. ______ ተማሪዎች ለአዲስ ገቢዎች ግቢውን አሳዩ።
2. ይህ ሳሙና ቶሎ አያልቅም፤ ______።
3. የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ______ ቅርሶች ናቸው።
4. ጓደኛዬን ክረምቱን ሙሉ ስላላየሁት «እንዴት ______?» አልኩት።

መልስ፦ 1. ነባር 2. ይበረክታል 3. ጥንታዊ 4. ከረምክ

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ!