የካርቶኑ ዋትና የእውነቱ ዋት

ስቴሪዮ ሊገዛ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው። ሻጩም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። መርካቶ ውስጥ አንድ ወጣት ሻጭ ካርቶኑን መታ መታ እያደረገ «ጋሼ፣ ይሄ 3000 ዋት ነው፤ ሰፈሩን ነው የሚያናውጠው» አለኝ። ዕቃውን አዙሮ ጀርባውን እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። ከገመዱ መግቢያ አጠገብ በደቃቅ ጽሑፍ 60 ዋት ይላል፤ ከግድግዳው የሚስበው ኤሌክትሪክ ማለት ነው። 60 የሚበላ ዕቃ 3000 ከየት አምጥቶ ያወጣል? «ፋብሪካው ነው የጻፈው» ብሎ ሳቀ። እውነቱን ነው። ፒኤምፒኦ የሚባለው ይህ ቁጥር ወጥ መለኪያ የለውም፤ ፋብሪካው እንዳሻው ያገዝፈዋል። አሜሪካ ውስጥ ማጋነኑ ስለበዛ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1974 የአምፕሊፋየር ጉልበት እንዴት ተለክቶ እንደሚነገር ደንብ እስከ ማውጣት ደርሷል። እናንተ መፈለግ ያለባችሁ አርኤምኤስ የተባለውን፣ አምፑ ያለማቋረጥ የሚያወጣውን፣ በ8 ኦም የተለካውን ቁጥር ነው።

አምፕሊፋየር ደካማውን ሲግናል አጎልብቶ ስፒከሩን ይነዳል። ሪሲቨር ደግሞ፣ የዲሹን ማለቴ አይደለም፣ ያው አምፕሊፋየር ሬዲዮ ተጨምሮበት ነው። ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልገውም።

ስፒከሩ ይቅደም። ከጀርባው ወይም ከመመሪያው ላይ «87 ዴሲቤል» የሚል ነገር ታገኛላችሁ፤ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት የሚሰጠው ድምፅ ነው። ለእኔ ከዋት ሁሉ የሚበልጠው ይህ ቁጥር ነው፤ የሚያየው ግን የለም። ድምፁን በ3 ዴሲቤል ለማሳደግ ጉልበቱን እጥፍ ማድረግ ግድ ይላል፤ 3 ዴሲቤል ደግሞ ጆሮ «ትንሽ ጨመር አለ» የሚለው ያህል ብቻ ነው። የ50 ዋቱን ትቶ ለ100 ዋቱ የሚከፍል ሰው የገዛው ያቺኑ «ትንሽ» ነው። ባለ84 ዴሲቤሉን ትቶ ባለ90ውን ስፒከር የወሰደ ግን ያንኑ ድምፅ በሩብ ጉልበት ያገኛል። ቢቢሲ በ1970ዎቹ ያሠራት ትንሿ ኤልኤስ3/5ኤ ወደ 83 ዴሲቤል ናት፤ ግዙፉ የአሜሪካ ክሊፕሾርን ከ100 ያልፋል። በሁለቱ መካከል ያለው የጉልበት ፍላጎት ልዩነት ከ50 እጥፍ በላይ ነው። እንግዲህ ስፒከሩን ሳያውቁ «ስንት ዋት ልግዛ?» ብሎ መጠየቅ መልስ የለውም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። «ስፒከሬ 50 ዋት ስለሆነ እንዳይቃጠል ብዬ ባለ20 ዋት አምፕ ገዛሁለት» የሚል ሰው ሞልቷል። ጥንቃቄ ይመስላል። ድምፅ እስከ ጥግ ከፍቶ ለሚያዳምጥ ሰው ግን ስፒከር የሚያቃጥልበት መንገድ ይሄው ነው። አምፕ ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጥና አናቱ እንደ አምባ ጠፍጣፋ ይሆናል። ጫፉ ስለተቆረጠ ግን ጉልበቱ አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨመረ። ሞገዱ አራት ማዕዘን እስኪሆን ከተገፋ 20 ዋት የተባለው አምፕ እስከ 40 ሊያወጣ ይችላል። የባሰው ነገር የጉልበቱ ክፍፍል ነው። ጤነኛ ሙዚቃ ውስጥ አብዛኛው ጉልበት ያለው ቤዙ ላይ ነው። ስለዚህ «50 ዋት» በተባለ ስፒከር ውስጥ ያለችው ቱዊተር፣ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ክፍል፣ ብቻዋን ያለማቋረጥ የምትችለው ጥቂት ዋት ብቻ ነው። ቁልፉ እየተጠመዘዘ ሲሄድ ቤዙ ከወሰኑ ደርሶ ይቆማል፤ ቀጭኑ ድምፅ ግን ገና ቦታ ስላለው ማደጉን ይቀጥላል። መቆረጡ ራሱም ያልነበረ ቀጭን ድምፅ ይፈጥራል። ይህ ሁሉ የሚወርደው በቱዊተሯ ላይ ነው፤ ውስጧ ያለው ቀጭን ሽቦ ይግላል፣ ይበጠሳል። በየልደት በዓሉ እየተነሱ ቁልፉን የሚጠመዝዙ እንግዶች ይህን ቢያውቁ ደስ ይለኝ ነበር። ድምፁ መሻከር ከጀመረ አምፑ አልቻለም ማለት ነው፤ እባካችሁ ዝቅ አድርጉት። ትልቅ አምፕም ያለ ልክ ከተከፈተ ስፒከር ይገድላል፤ ድምፁም ሳይሻክር ስለሚቆይ ጆሮ አደጋውን ቀድሞ ያገኘዋል ብላችሁ አትመኑ፤ እጃችሁን ሰብስቡ።

ኤንኤዲ 3020ን የምወደው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣ፣ በቻናል 20 ዋት ብቻ የተጻፈበት ርካሽ አምፕ ነው። ሙዚቃው ድንገት ሲዘል ግን ለቅጽበት ከ20 በላይ አውጥቶ ያደርሳል፤ የሞገዱን ጫፍ በአንዴ ከመቁረጥ ይልቅ አለስልሶ የሚያጎብጥ ማብሪያም ተገጥሞለታል። ካርቶናቸው ላይ ሺህ የተጻፈባቸው ስንቶቹ ይህን ያደርጋሉ?

ኦምን በአጭሩ፦ ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አምፑ ይከብደዋል። ስፒከራችሁ 4 ኦም ከሆነ አምፑ መፍቀዱን ከጀርባው አንብቡ። በአንድ ቻናል ሁለት ባለ8 ኦም ስፒከሮች ጎን ለጎን ከታሰሩም 4 ይሆናሉ። ሽቦውን ስታስሩ ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር፤ የአንዱ ስፒከር ሽቦ ከተገለበጠ ቤዙ ይሳሳል።

ዘመድ ከዋሽንግተን ሪሲቨር ልኮላችሁ ከሆነ ሳትሰኩት ጀርባውን እዩ። 120 ቮልት ብቻ ካለ የእኛ 220 ያቃጥለዋል፤ ትራንስፎርመር ይገዛለት።

ለተራ ሳሎን፣ ለባለ87 ዴሲቤልና ባለ8 ኦም ስፒከር፣ ከ40 እስከ 50 እውነተኛ ዋት ይበቃል። የተረፈውን ገንዘብ ስፒከሩ ላይ አውሉት። አምፑን ቡፌ ውስጥ አትቀርቅሩት፤ ሙቀቱ የሚወጣው በክዳኑ ቀዳዳዎች ነውና ዳንቴሉንም ከላዩ አንሱለት።