ስለ ተግባር ምርምር አጀማመር



መምህርነትን የሚማር ሰው ለልምምድ ወደ ትምህርት ቤት በተላከ ጊዜ፥ ከገዛ ሥራው አንዱን ችግር መርምሮ እንዲጽፍ ይታዘዛል። ይህ የተግባር ምርምር ይባላል። በአሜሪካ ያስተምር የነበረው ሊቅ ኩርት ሌዊን በ1946 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስለዚሁ ጽፏል፤ በአገራችንም በ1990ዎቹ ዓ.ም. በተደረገው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ ገብቷል። ነገሩ ግን እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ቀን ለብቻው ሆኖ ቅኔ ይቆጥራል፤ ማታ ለመምህሩ ያሰማል፤ ታርሞም በማግሥቱ እንደ ገና ይሞክራል። የዚህም ሥርዓቱ መሥራት፥ ማየት፥ ማረም ነው።

ለምሳሌ ከደጋ አገር መጥቶ በጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ የወረደውን እጩ መምህር እናስብ። አገሩ ቆላ ነው፤ በየካቲትና በመጋቢት የቀኑ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ያልፋል። ከቀትር በኋላ ንባብ ሲያስተምር ልጆቹ ያንቀላፋሉ፥ ይሳሳታሉም። እርሱም ፈጥኖ «ሰነፎች ናቸው» ብሎ በመዝገብ ቢጽፍ፥ ይህ ምስክር ያልተሰማበት ፍርድ እንጂ ምርመራ አይደለም። ምክንያቱ ሙቀቱ ሊሆን ይችላል፤ የአኙዋ ወይም የኑዌር ልጅ በአፍ መፍቻው ባልሆነ ቋንቋ በማንበቡም ሊሆን ይችላል፤ የመምህሩ አስተማመርም ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ሥራውን ሳይጀምር ዕቅዱን እንዲህ አድርጎ ይጻፍ።

አንደኛ፥ ጥያቄው ጠባብ ይሁን፤ ይኸውም «በዚህ ክፍል ንባብ ወደ ጧት ቢዛወር ስሕተቱ ይቀንሳልን?» የሚል ነው።

ሁለተኛ፥ ምንም ሳይለውጥ ለሁለት ሳምንት ያህል እያንዳንዱን ልጅ በልኩ እኩል የሆነ ምንባብ እያስነበበ፥ ስሕተቱንና ሰዓቱን ይመዝግብ።

ሦስተኛ፥ ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ይለውጥ። ሰዓቱንና መጽሐፉን በአንድነት ቢለውጥ የትኛው እንደ ጠቀመ አያውቅም። ወራቱም አይራራቅ፤ ፊተኛውን በመጋቢት፥ ኋለኛውን ዝናብ ሲጀምር ቢለካ፥ አየሩ የሠራውን ለሰዓቱ ይሰጠዋል።

አራተኛ፥ የርእሰ መምህሩንና የወላጆችን ፈቃድ ይጠይቅ፤ የልጆቹንም ስም በጽሑፉ አያውጣ። ሽማግሎችንም በቋንቋቸው ያማክር፤ ልጁ ከትምህርት በፊት ምን ሥራ ሲሠራ እንዳደረ ወይም እንደ ዋለ የሚያውቁ እነርሱ ናቸውና።

አምስተኛ፥ ውጤቱ ካሰበው ቢለይ ሳይሸሽግ ይጻፍ። ሰዓቱ ተለውጦ ስሕተቱ ያው ከሆነ፥ ልጁን በአፍ መፍቻ ቋንቋው አስነብቦ ይመልከት፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ በመጀመሪያ ደረጃ በዚሁ ቋንቋ መማርን ፈቅዶ ነበርና። ያም ካልሆነ የራሱን አስተማመር ይመርምር።

በመዝገብ ሰነፍ ተብሎ የተጻፈ ልጅ ያ ስም ከክፍል ወደ ክፍል ይከተለዋል። የአራት ሳምንት ትዕግሥት ግን ከዚህ ስም ሊያድነው ይችላል። እንግዲህ እጩ መምህር ብዕሩን በልጁ ላይ ከማንሣቱ አስቀድሞ ሥራውን ይመዝን፤ እናንተም አባቶች በምክራችሁ እርዱት።