የንግድ ምክር ቤት ሲጽፍ ማን ይመልስ?





የንግድ ምክር ቤት ሲባል ኤግዚቢሽን የሚከፍት፤ እንግዳ የሚቀበልና ግብዣ የሚያደርግ ማኅበር ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዋናው ሥራው ግን ሌላ ነው። መንግሥታት ውል ይፈራረማሉ፤ ቀረጥም ይቀንሳሉ። ዳሩ ግን ውሉ በድንበር ኬላ ላይ እንዴት እንደሚሠራበት አጣርቶ የሚያውቀው ዕቃውን ጭኖ የሚቆመው ነጋዴ ነው። የእርሱን ችግር ሰብስቦ ለባለሥልጣን የሚያደርስ ከሌለ ውሉ «ላም አለኝ በሰማይ፤ ወተቷንም አላይ» ሆኖ ይቀራል።

በፈረንጅ አቈጣጠር በ1997 የተቋቋመውና መቀመጫው አሩሻ የሆነው የምሥራቅ አፍሪካ የንግድ ሥራ ምክር ቤት ለዚህ መልካም ምሳሌ ነው። ኬንያ፤ ኡጋንዳና ታንዛንያ በ2005 የጉምሩክ አንድነታቸውን ከጀመሩም በኋላ የጭነት መኪናዎች በየመንገዱ ደጋግመው ይመዘኑ፤ በየፖሊስ ኬላው ይቆሙ፤ በአንዱ አገር የተመረመረውም ዕቃ በሌላው እንደገና ይመረመር ነበር። ምክር ቤቱ እነዚህን መሰናክሎች እየዘረዘረ ለመንግሥታቱ ሲያቀርብ ቈይቷል። በየአገሩም ሹማምንትና ነጋዴዎች አብረው የሚመክሩባቸው ኮሚቴዎች ተቋቋሙ፤ በ2017ም መሰናክሎቹን ለማስወገድ የማኅበረሰቡ ሕግ ወጣ።

በእኛም አገር የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤት ከ1939 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ለንግድ ምክር ቤቶችም አዋጅ ቍጥር 341/1995 ወጥቷል። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነት በ2011 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ በሞያሌም ከኬንያ ጋር የጋራ የድንበር መቈጣጠሪያ ጣቢያ በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል። እንግዲህ ውሉም ቤቱም አለ። የቀረው የሰው ሥራ ነው፤ ይልቁንም የእኛ የመንግሥት ሠራተኞች ሥራ ነው።

በመዝገብ ቤት ለብዙ ዓመት ስሠራ እንደታዘብኩት፤ አንድ ነጋዴ ለብቻው የጻፈው አቤቱታ ከፋይል ውስጥ በቀላሉ ይቀበራል። ማኅበር ግን የኬላውን ስም፤ ዕቃው የቈየበትን ቀንና የጠፋውን ገንዘብ ቈጥሮ ሲጽፍ «አልሰማንም» ማለት ያስቸግራል። ይሁን እንጂ መልስ ካላገኘ የማኅበሩም ደብዳቤ ያው ወረቀት ነው። አንዲት ማኅተም ስትዘገይ ቲማቲሙ ይበሰብሳል፤ የሹፌሩ አበል ይቈጠራል፤ በመጨረሻም ኪሳራውን የሚከፍለው ከገበያ የሚሸምተው ሕዝብ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የምክር ቤቶችን አቤቱታ ተቀብሎ በተወሰነ ቀን በጽሑፍ የሚመልስ አንድ ሠራተኛ ቢመድብ መልካም ይመስለኛል። ምክር ቤቶቹም የባለብዙ ገንዘብ ነጋዴዎች አፍ ብቻ እንዳይሆኑ፤ በድንበር ላይ ጥቂት ዕቃ ይዛ የምትመላለሰውንም ነጋዴ ቃል ይስሙ። የተመለሰውንና ያልተመለሰውን አቤቱታ በየጊዜው በጋዜጣ ቢያወጡ ደግሞ ማን እንደሠራ፤ ማንስ እንደተኛ ሁላችንም እናውቃለን።

አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ