በሰው ሜዳ የሚደገፍ ቡድን

በእግር ኳስ አንድ ቡድን በገዛ ሜዳው ሲጫወት ባለሜዳ፣ ወደ ተጋጣሚው ከተማ ሲሄድ ደግሞ እንግዳ ይባላል። እንግዳው ቡድን መንገድ አድክሞት ይደርሳል፤ አየሩና ምግቡ ይለወጥበታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ስታዲየሙን የሚሞላው ድምፅ የእርሱ አይደለም። ይህን ለማካካስ ቡድኑን ተከትለው ከአገር አገር የሚጓዙ ደጋፊዎች አሉ።

በካርቱም ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ግን ነገሩ ይለያል። ብሔራዊ ቡድናችን ወደ ሱዳን ሲመጣ ረጅሙን መንገድ የሚጓዘው ቡድኑ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጎንደርና በመተማ፣ ከዚያም በገላባትና በገዳሪፍ በኩል በመኪና ለሚመጣ ደጋፊ የቀናት ድካም የሚሆነው ለእኛ የከተማ ውስጥ ጉዞ ነው። ሜዳው ግን ያው የሰው ሜዳ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ቡድኑ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ እኛ በማግስቱ ከሱዳናውያን ጎረቤቶቻችን ጋር ዳቦ ለመግዛት እንሰለፋለን።

የኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫ ታሪክም የተጀመረው በዚሁ ከተማ ነው። በየካቲት ወር 1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ሲመሠረት መሥራቾቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ወዲያው በተካሄደው የመጀመሪያው ውድድር ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎ ፖሊሲዋ ምክንያት ሳትሳተፍ ቀረች። ከእርሷ ጋር ተመድባ የነበረችው ኢትዮጵያም ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች። በፍጻሜው ግን ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፣ በገዛ ሕዝባችን ፊት፣ ያችኑ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫውን ወሰድን። ሁለቱን ጨዋታዎች የሚለዩ ብዙ ነገሮች ቢኖሩም፣ በሁለተኛው ጊዜ ስታዲየሙን የሞላው ሕዝብ የማን እንደነበረ አይዘነጋም።

ከሜዳ ውጪ የሚደረግ ጨዋታ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ይበልጥ የሚያስረዳው ግን የ2004 ዓ.ም. ጨዋታ ነው። ጳጉሜን 3 ቀን በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመሩት ዋሊያዎቹ እዚሁ ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸነፉ። በዚያን ጊዜ ደንብ የደርሶ መልስ ድምር ውጤት እኩል ከሆነ፣ በተጋጣሚው ሜዳ ብዙ ግብ ያስቆጠረው ቡድን ያልፍ ነበር። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በተደረገው የመልስ ጨዋታ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ አስቆጥረው አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 ስናሸንፍ ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ። ሱዳን በእኛ ሜዳ ምንም አላስቆጠረችም፤ እኛ ግን በእርሷ ሜዳ 3 አስቆጥረን ነበር። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ እንድንመለስ ያደረጉን፣ በሽንፈት ቀን የተቆጠሩት እነዚያ ግቦች ናቸው። ቡድኑ ሲመራ ተነስቶ የሚወጣ ደጋፊ 5 ለ 1 ሆነ 5 ለ 3 ያው ሽንፈት ነው ይላል። በልዩነቱ ግን የአንድ ትውልድ ደስታ ተገኘበት።

በደቡብ አፍሪካ በተካሄደው ውድድር ደግሞ የደጋፊ ሁለት ገጽታ ታየ። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ኔልስፕሩት ላይ ከዛምቢያ ጋር ስንጫወት፣ በዚያ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከየከተማው ተጉዘው ስታዲየሙን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ አለበሱት። ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ቢወጣም፣ ቡድናችን በአዳነ ግርማ ግብ ከዋንጫው ባለቤት ጋር 1 ለ 1 ተለያየ። ነገር ግን በውሳኔው የተናደዱ አንዳንድ ደጋፊዎች ቩቩዜላና ሌላም ዕቃ ወደ ሜዳ ስለወረወሩ ጨዋታው ተቋርጦ ነበር። በሰው አገር የአንድ ሰው እጅ የሁላችን እጅ ተደርጎ ይቆጠራል።

ስለዚህ ቡድናችን ወደዚህ ሲመጣ የሚከተሉትን ማሰብ ይገባል። ልጆች ብቻቸውን አይሂዱ፤ ከቤተሰብ ወይም ከታላላቆቻቸው ጋር ሆነው፣ ቢጠፋፉ የሚገናኙበትን ቦታ አስቀድመው ይወስኑ። ትልልቆች ኢቃማቸውን ወይም ፓስፖርታቸውን ይያዙ። አንድ ላይ መቀመጥ ጥሩ ነው፤ የተበታተነ መቶ ሰው አይሰማም፣ አብሮ የሚዘምር መቶ ሰው ግን ሜዳ ውስጥ ላሉት አሥራ አንዱ ይደርሳቸዋል። ዘፈናችን ቡድናችንን የሚያበረታ እንጂ ተጋጣሚን የሚሰድብ አይሁን፤ አማርኛ የሚሰማ ሱዳናዊ ብዙ ነውና። ሲያልቅም ግፊያው እስኪቀል መቆየት ይሻላል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የማግስቱ ጠዋት ነው። ከተሸነፍን ለባለሱቁ «መብሩክ» ማለት፣ ካሸነፍን ደግሞ ወሬውን እርሱ እስኪያነሳ መጠበቅ የደጋፊነት ሥራ ነው። ቡድኑ በሄደበት አገር የምንቀረው እኛ ነን።