ስለ እንጨት እርጥበትና ስለ ጥንካሬው

እንጨት ተቈርጦና ተሰንጥቆ ለገበያ ከቀረበ በኋላም ቢሆን ከአየሩ ጋራ ውኃ መቀባበሉን አይተውም። በክረምት እርጥበት ይስባል፤ በበጋ መልሶ ይሰጣል። ጣውላና ሞራሌ የሚያስመጣም ሆነ የሚሸጥ ነጋዴ ይህን ጠባይ ሊያውቀው ይገባል፤ የዕቃው ክብደት፣ መጠንና ጥንካሬ በዚህ ውኃ ይለዋወጣሉና።

በእንጨት ውስጥ ያለው ውኃ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በደቃቅ ቧንቧዎቹ ባዶ ስፍራ የሚገኘው ነጻ ውኃ ሲሆን፣ ሁለተኛው በቧንቧዎቹ ግድግዳ ውስጥ የተያዘው ነው። እንጨት ሲደርቅ አስቀድሞ የሚወጣው ነጻው ውኃ ነው፤ በዚህ ጊዜ ክብደቱ ይቀንሳል እንጂ መጠኑና ጥንካሬው እምብዛም አይለወጥም። እርጥበቱ በደረቁ እንጨት ክብደት ሲሰላ በመቶ 30 ገደማ ሲደርስ ግን የግድግዳው ውኃ መውጣት ይጀምራል። ከዚያ ወዲህ እንጨቱ ይኰማተራል፤ ይጠነክራልም። መኰማተሩ በየአቅጣጫው እኩል ስላልሆነ ጣውላው ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ባሕር ዛፍ በእርጥቡ ሲሠራበት የሚያደርሰው ጉዳት በአገራችን የታወቀ ነው።

የጥንካሬውን ለውጥ መሐንዲሶች በሒሳብ ይገምቱታል፤ መነሻቸውም በመቶ 12 እርጥበት ያለው እንጨት ነው። ለምሳሌ አንድ አጭር ምሰሶ በዚህ እርጥበት 100 ኩንታል፣ ፍጹም እርጥብ ሳለ ግን 50 ኩንታል የሚችል ቢሆን፣ እርጥበቱ በመቶ 20 ሲሆን የሚችለው 65 ኩንታል ያህል ነው። ይኸውም እርጥበቱ በአንድ በመቶ በጨመረ ቍጥር ጥንካሬው ከመቶ 5 ያህል ይቀንሳል ማለት ነው። እንዲሁም ዕቃ ተሸክሞ ሳለ ደጋግሞ የሚረጥብና የሚደርቅ መደርደሪያ፣ እርጥበቱ ሳይለዋወጥ ከሚኖረው ይልቅ ይጐብጣል።

የእርጥበቱን ልክ ለማወቅ ከጣውላው መካከል ትንሽ ቍራጭ ተወስዶ ወዲያው ይመዘናል፤ ከዚያም በ103 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ደርቆ እንደ ገና ይመዘናል። 100 ግራም የነበረው 80 ግራም ቢሆን፣ የወጣው 20 ግራም ለ80 ሲካፈል እርጥበቱ በመቶ 25 ይሆናል። እንዲህ ያለውን እንጨት በክብደት የሚገዛ ሰው ከገንዘቡ አምስተኛውን እጅ ለውኃ ከፈለ ማለት ነው።

ስለዚህ በውሉ ላይ የእንጨቱ ዓይነትና ልክ ብቻ ሳይሆን የእርጥበቱም መጠን ይጻፍ፤ ዕቃውም ከመረከቡ በፊት ይመርመር። በመጋዘን ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በየመካከሉ አየር የሚያሳልፍ ቀጭን እንጨት እየገባበት ይደርደር። ይህ ከተደረገ ገዥ ከኪሣራ፣ ሻጭም ከክርክር ይድናል።