ጣትዎን የሚያይ መስተዋት

በአዲስ አበባ ከተማ፣ በልደታ፣ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች በሚያስችሉበት ሠፈር፣ የሰው አውራ ጣት ሥራ አይፈታም። መጻፍ ያልተማረ ባለጉዳይ ጣቱን በማኅተም ቀለም አስነክቶ በወረቀቱ ግርጌ ያሳርፈዋል። በዚያው ደጃፍ ተራውን የሚጠብቅ ተማሪ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ ያንኑ ጣት በእጅ ስልኩ መስተዋት ላይ ያኖራል፤ ስልኩም ቀለም ሳይሻ ይከፈትለታል። ሁለቱም አሻራ ይባላሉ። ነገር ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። መስተዋቱ ጣትዎን እንዴት እንደሚያይ፣ መቼ እንደሚሳሳት፣ ሊቃውንቱም ዓይኑን ለማጥራት ምን እንደሚደክሙ ቢያውቁ ገንዘብዎንና ስምዎን ለመጠበቅ ይረዳዎታል።

አሻራ ወንጀለኛ መፈለጊያ ከመሆኑ በፊት የውል ምስክር ነበር። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1858 በህንድ አገር፣ በቤንጋል፣ ዊልያም ሄርሼል የተባለ እንግሊዛዊ ሹም አንድ የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ቃሉን እንዳይክድ መዳፉን በቀለም አስነክቶ በውሉ ወረቀት ላይ እንዲያትም አደረገ። የለንደን ፖሊስ የአሻራ ክፍል ያቋቋመው ከዚያ በኋላ በ1901 ነው።

በእኛም አገር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የአውራ ጣትን ምልክት በፊርማ ስፍራ ይቀበላል። ግን አንድ ጥንቃቄ አድርጓል፤ በአንቀጽ 1728 እንደ ተደነገገው፣ ማንበብ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ያኖረው ምልክት የሚያስገድደው በውል አዋዋይ፣ በመዝገብ ሹም ወይም በሥራው ላይ ባለ ዳኛ ፊት የተረጋገጠ እንደ ሆነ ነው። ሕግ አውጪው የጣት ማረፍ ብቻውን የልብ ፈቃድ አለመሆኑን ተረድቶ ነበር ማለት ነው። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን የጣትዎን ጫፍ ልብ ብለው ይመልከቱ። እንደ ታረሰ ማሳ ትልም በትልም ሆኖ ያገኙታል። ከአንዱ ከፍታ እስከሚቀጥለው ያለው ርቀት ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ነው። ጣትዎ ስክሪኑን ሲነካ ያ ስፍራ ደምቆ ይበራል። ከፍታው መስተዋቱን ስለሚነካ ብርሃኑ ወደ ቆዳው ገብቶ ይበተናል፤ ጐድጓዳው ግን በአየር የተለየ ስለ ሆነ ከመስተዋቱ ገጽ የበለጠ ብርሃን ተመልሶ ይወርዳል። ስለዚህ ከሥር ሆኖ ለሚያይ ከፍታው ጠቈር፣ ጐድጓዳው ፈካ ብሎ ይታያል። የተመለሰው ብርሃን በስክሪኑ ነጥቦች መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ሾልኮ ከሥር ከተቀመጠው ሴንሰር ይደርሳል፤ ስልኩም ምስሉን አስቀድሞ ከተመዘገበው ጋራ ያስተያያል።

ይህ በተለይ የሚሠራው ኦሌድ በሚባለው ስክሪን ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ ስለሚበራ ከጀርባው መብራት አያስፈልገውም። ኤልሲዲ የሚባለው ግን ከጀርባው የብርሃን ንጣፍ ስላለበት መንገዱ ይዘጋል። ዋጋቸው ዝቅ ባለ ስልኮች ላይ አሻራው ብዙ ጊዜ በጐን ወይም በጀርባ የሚነበበው በዚህ ምክንያት ነው። በስክሪን ውስጥ የሚያነብ ስልክ ለገበያ መቅረብ የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቀዳሚው ቪቮ የተባለው የቻይና ኩባንያ ነው።

ከዚያ ወዲህ መሐንዲሶችን ያስቸገሩ ነገሮች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ብዥታ ነው። ስክሪኑን አልፎ የሚደርሰው ብርሃን ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ነው፤ ያም በመንገዱ ስለሚበተን የአንዱ ትልም ምስል ከጎረቤቱ ጋራ ይደባለቃል። አንዱ መፍትሔ እንደ ፎቶግራፍ ማንሻ ሌንስ ማግባት ነው፤ ሌንስ ግን ራቅ ብሎ መቀመጥ ስለሚሻ የባትሪውን ስፍራ ይሻማል። ሌላው መፍትሔ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ስስ ንጣፍ በሴንሰሩ ላይ ማንጠፍ ነው። ቀጥ ብሎ የወረደው ጨረር በቀዳዳው ያልፋል፤ ዘንበል ብሎ የመጣው እዚያው ይቀራል። በቀዳዳዎቹ ላይም በዓይን የማይታዩ ሌንሶች እየደረደሩ የሚያልፈውን ብርሃን ያበዙለታል። ንጣፉ ስስ በመሆኑ የሚነበበውን ስፍራ ማስፋት ይቻላል፤ ብዙ ትልም ያየ ሴንሰርም በቀላሉ አይታለልም።

ሁለተኛው ፀሐይ ነው። ጣትዎን በብርቱ መብራት ላይ ቢያኖሩ ቀይ ሆኖ ሲያበራ ያያሉ፤ ቀይ ብርሃን ሥጋን ዘልቆ ያልፋልና። በቀትር ይህ ብርሃን ከላይ ወርዶ የስክሪኑን ደካማ ብርሃን ይውጠዋል። ስለዚህ ቀዩን የሚያግድ ማጣሪያ ያደርጉበታል፤ ብዙ ስልኮች አሻራ ሲያነቡ በአረንጓዴ ወይም ወደ ሰማያዊ ባደላ ቀለም የሚበሩትም ለዚሁ ነው።

ሦስተኛው የሰው እጅ ራሱ ነው። በበጋ ቆዳ ሲደርቅ ከፍታው መስተዋቱን በሚገባ አይነካም፤ እጅ ሲረጥብ ደግሞ ውሃው ጐድጓዳውን ይሞላዋል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ሥራ የፋቀው ጣት ነው። ድንጋይ የሚጠርብ፣ ሲሚንቶ የሚያቦካ፣ ልብስ በማጠብ የሚተዳደር ሰው፣ እንዲሁም በዕድሜ የገፋ ሽማግሌ፣ መስተዋቱ አላውቅህም ሲለው ይውላል። ለብሔራዊ መታወቂያ ለፋይዳ ሲመዘገቡ ከአሥሩ ጣት ሌላ የሁለቱ ዓይን ብሌንና የፊት ምስል መወሰዱ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ጣቱ የጠፋበት ሰው ማንነቱ አይጠፋበትምና። የስልክ ሠሪዎች ግን ሥራቸውን በለስላሳ እጅ ብቻ ከመዘኑት፣ መሣሪያቸው ተሻሻለ ሊባል አይገባውም።

የስሕተቱ ሌላ ፊት ደግሞ አለ፤ ይኸውም ባዕድን ማስገባት ነው። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ሳምሰንግ አንድ ነገር አመነ፤ ከአንዳንድ የሲሊኮን መሸፈኛ ጋራ ጋላክሲ ኤስ10 የተባለው ስልክ በማንም ጣት ይከፈት ነበር። ያ ስልክ የሚያነበው በብርሃን ሳይሆን በድምፅ ሞገድ ነው፤ ሆኖም ሴንሰሩ የመሸፈኛውን ቅርጽ ከጣት ጋራ አደባልቆ መዝግቦ ነበር። ኩባንያው ፕሮግራሙን አርሞ አስተካከለው።

አሁን ወደ ያዝነው ነገር እንመለስ። ስልክዎ የአሻራውን መዝገብ በራሱ በተቈለፈ ክፍል ይይዛል፤ ለገንዘብ ማስተላለፊያው ፕሮግራም የሚነግረው ተስማማ ወይም አልተስማማ ብሎ ብቻ ነው። ስለዚህ በስልኩ የተመዘገበ ጣት ሁሉ እንደ ባለቤቱ ሊቈጠር ይችላል። ልጅ ለእናቱ ሊያግዝ ብሎ የራሱን ጣት በእናቱ ስልክ ቢያስገባ፣ የሳጥኗን ሁለተኛ ቍልፍ ወሰደ ማለት ነው። በዚያ ጊዜ ተነቦላት የሚያረጋግጥ ዳኛ የለም፤ ምስክርም የለም።

እንግዲህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ያድርጉ። አሻራዎን ሲያስመዘግቡ እጅዎ ንጹሕ ይሁን፤ ከጥላ ሥር ይሁኑ። ጣትዎ የሚደርቅ ከሆነ ያንኑ ጣት ሁለት ጊዜ ያስመዝግቡ። የስክሪን መከላከያ በለወጡ ጊዜ የቀድሞውን አጥፍተው እንደገና ይመዝግቡ። በስልክዎ የተመዘገቡትን ጣቶች ይቍጠሩ፤ የማያውቁት ቢኖር ይሰርዙ። ጠንካራ የምሥጢር ቍጥርም ይኑርዎት፤ ቍጥር ቢሰረቅ ይለወጣል፣ ጣት ግን አይለወጥም። ከሁሉ በላይ፣ ፊደል ላልቈጠሩት ወላጆችዎ ስልኩ ምን እንደሚጠይቃቸው ጣታቸውን ከማኖራቸው በፊት ያንብቡላቸው። መስተዋቱ ከዓመት ዓመት ዓይኑ እየጠራ ይሄዳል፤ ጣትን ያያል እንጂ ልብን አያይም። ያ ሥራ ዛሬም የሰው ነው።